እማዬ በሲኞራዋ ግድግዳ ላይ

ከአዲስ አበባ፣ ከሰፈራችን ከሲግናል የወጣሁ ማታ እማዬ በር ላይ ቆማ፣ «ሂድልኝ፤ አንዱን በልተውብኛል፣ አንተን አልጨምርላቸውም» አለችኝ። አላለቀሰችም። እንባዋን ከሳምንት በፊት እንጦጦ ላይ ጨርሳው ነበር።

ታላቅ ወንድሜን ከደጃችን ወስደው ሲገድሉት ቀበሌው ለቅሶ ከለከለን። ድንኳን የለ፣ ደረት መምታት የለ። እማዬ ቅጠል ለቃሚ መስላ ኮረብታው ላይ ወጣች፤ ተከተልኳት። ባሕር ዛፉ መሃል ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጮኸች። አንድ ካሜራ የያዘ ፈረንጅ ብቅ ብሎ ፎቶ አነሳትና ሄደ። እሷ አላየችውም።

በሱዳን አድርጌ ሮም የገባሁበትን መንገድ ልተወው፤ ደንዝዤ ነው ያለፍኩት። እዚህም ፀሐይ አለ፣ እንደ እኛ ሰፈር ፀሐይ ግን ጀርባ አያሞቅም። አከራዬ ሲኞራዋ ቤቱን ስታሳየኝ ኮሪደሩ ላይ እማዬ ተሰቅላለች። ፎቶው ከወገብ በላይ ነው፤ የታጠቀችው ነጠላ አይታይም። ከሥሩ «ስፔራንሳ» ይላል፤ ተስፋ ማለት ነው።

«ያገርህ ሴት ናት። ደስ ብሏት ስትዘፍን!»

«አዎ ሲኞራ፣ ድምፀ መልካም ናት።»

«ታውቃታለህ እንዴ?»

«አገሬ ትልቅ ነው ሲኞራ።»

ስሟ ቢወጣ ቀበሌው ምን እንደሚያደርጋት አውቃለሁ። ሻንጣዬን አስቀመጥኩ፤ ምንም አልተሰማኝም።

እዚያው ኮሪደር ላይ የተከራየችው ጎረቤቴ አልማዝ፣ የኮተቤ ልጅ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ እነሱ ፔርሜሶ ለሚሉት፣ ልትሰለፍ ስትወጣ ሁልጊዜ ፎቶውን ትነካለች። «እሷ እንዲህ ቆማ እኔ ልተኛ?» ትላለች። እውነቱን ብነግራት ምን ይዛ ትነሳለች? ዝም ብልስ የእማዬ ለቅሶ ዘፈን ሆኖ ሊቀር ነው።

ለእማዬ ሲግናል ባለው ጎረቤቷ ስልክ ደወልኩላት። ስልክ ይጠለፋልና ዙሪያውን ዞሬ ነገርኳት።

«ያን ቀን፣ ቅጠል ለቀማ የሄድን ጊዜ፣ ፈረንጅ ፎቶ አንስቶሻል። እዚህ ሰው አይቶት ይበረታል። ምን ልበላቸው?»

ቶሎ ብላ፣ «ድምፄ ይሰማል?»

«ፎቶ ነው እማዬ፣ ድምፅ የለውም።»

«ተመስገን። በኔ የሚበረታ ይበርታ፤ ተዋቸው።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አንተንስ እዚያ የሚከለክልህ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?»

ስልኩን ዘግቼ ፎቶው ፊት ቆምኩ። ነጠላ የለኝም፤ ፎጣዬን ወገቤ ላይ ታጠቅሁ። እጄን ዘረጋሁ። እንባው እምቢ አለ።

አልማዝ በሯን ከፍታ ወገቤን አየች።

«ማን ሞተብህ?»

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። መልሴን ሳትጠብቅ ሻርፗን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች።