ሁለት ጊዜ ያለፈቃዳቸው የተጻፉት አዴ ዘሃራ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ቆሜአለሁ። በቃሌ ብናገር ቁጣዬ ይቀድመኛል ብዬ ስለፈራሁ ጽፌ መጥቻለሁና እንዳነብ ፍቀዱልኝ። ቁጣው ወረቀቱም ላይ አለ፤ ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ከመዘምራን ጋር ነው። ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድቤ አሰበ ተፈሪ ስደርስ ግን እግዚአብሔር የለም የምል ሴት ነበርኩ። ማለት ብቻ አይደለም፣ አስተምር ነበር። በቀበሌው የውይይት ክበብ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር እስል ነበር፤ በግራ በኩል ከላይ ይነሣና ወደ ቀኝ እያሽቆለቆለ ይወርዳል። "ይህ በዓለም ላይ ያለው ሃይማኖት ነው" እላለሁ። "የሠለጠነው ሁሉ ትቶታል፤ እኛም እየተውነው ነው።" መስመሩን ከየት እንዳመጣሁት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከየትም አላመጣሁትም።

አንድ ቀን የክበቡ መሪ በየቤቱ ዞሬ ሃይማኖት ያለውንና የሌለውን እንድሞላ ቅጽ ሰጠኝ። ዞርኩ። እስላሙም ክርስቲያኑም "አለን" አለኝ። ቅጹን ሳሳየው ገረፍ ገረፍ አድርጎ አየና፣ "ጓድ፣ ይህ የኋላ ቀርነት መዝገብ ነው። የበላይ አካል የሚጠብቀው ይህን አይደለም" አለኝ። ገባኝ። ቁጭ ብዬ አዲስ ቅጽ ሞላሁ። መጀመሪያ እጄ ላይ የመጣው የቤት አከራዬ የአዴ ዘሃራ ስም ነበር። ከወለዱኝ ርቄ ስኖር በዚህ አገር አዴ፣ እናቴ፣ ብዬ የምጠራው እሳቸውን ብቻ ነው። ከስማቸው አጠገብ "ሃይማኖት የላቸውም" ብዬ ጻፍኩ። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግዱ ሴት ናቸው። ከስግደት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መሪው ማይክሮፎኑን ይዞ ስማቸውን አነበበና፣ "ኋላ ቀር አስተሳሰብን አሽቀንጥረው የጣሉ ተራማጅ እናት" ብሎ አስጨበጨበ። አዴ ዘሃራ ብድግ አሉ።

"ልጄ፣ ተሳስተሃል። እኔ አሁን ዙህር ሰግጄ ነው የመጣሁት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ፣ "አዴ፣ ጭብጨባው አነሰዎት? ጫት ይጨመርልዎት?" አለ። መሪው አልሳቀም። ስብሰባ አወኩ ተብለው ሦስት ቀን ታሰሩ። ሲወስዷቸው እኔ ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ።

የተፈቱ ዕለት ከቤቴ ውጪ ይሉኛል ብዬ ዕቃዬን አስሬ በር ላይ ጠበቅኋቸው።

"ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አንቺ ብቻ እግርሽን ታዪ ነበር።"

"ታዲያ አይቆጡኝም?"

"ተቆጥቻለሁ እንጂ። ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጥቻለሁ። ግን እኔን ረቢ፣ ፈጣሪዬ፣ ያየኛል፤ ብሰግድም ባልሰግድም ያውቃል። አንቺን ማን ያይሻል?" ከዚያ "ዕቃሽን ፍቺ" ብለውኝ ገቡ።

ያ ጥያቄ ወራት ሙሉ አላስቀመጠኝም። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ስይዝ ይመጣል፣ እንጀራ ስቆርስ ይመጣል። በመጨረሻ ሂርና ለምታስተምር ጓደኛዬ ነገርኳት። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበርና፣ በር ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚዘምሩ አምስት ሰዎች መካከል አስቀመጠችኝ። አንዲት እህት ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይቺን ልጅ አንተ አይተሃታል" ብላ ጸለየች። እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ክብር ለእርሱ ይሁን፤ ጌታዬን ያገኘሁት ያኔ ነው።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ክበቡ መሪ ሄድኩ። "ቅጹ ውሸት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይታረም" አልኩት።

"ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄዷል" አለኝ። "አሁን የተሳሳቱት ሴትዮዋ ናቸው።"

አራት ወር ታሰርኩ። ስንቅ ያመላለሱልኝ አዴ ዘሃራ ናቸው። ጌታ ይባረክ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ወንድማችን፣ በሶሻሊስት አገሮች ክህደት ወደቀ፣ ዓለም ወደ እግዚአብሔር እየተመለሰ ነው ብሎ አበሠረን። እልል አልን፤ እኔም ከልቤ እልል አልኩ። ከዚያ በእጁ አየሩ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አሳየን። ያን መስመር አውቀዋለሁ። እኔ የሳልኩት ነው፤ ተገለበጠ እንጂ። ቀጥሎም ከመሰላ፣ ከበደሳና ከዚህ ከተማ ጌታን ተቀበሉ የተባሉት ስም ዝርዝር ሲነበብ፣ "ከእስልምና የመጡ እናት፣ ዘሃራ" ሲባል ሰማሁ።

አዴ ዘሃራ በዋዜማው ቅዳሜ፣ እዚህ ጸሎት ላይ ሳለን የመጡት ቤት የረሳሁትን ቁልፍ ሊያቀብሉኝ ነበር። "ጸሎት የሚፈልግ እጁን ያንሣ" ሲባል ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አነሡ። መንገድ ላይ፣ "ዱዓ ማንን ይጎዳል?" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዝርዝሩን የጻፈውን የዚሁ ጉባኤ ወንድማችንን ስማቸውን እንዲሰርዝ ለመንኩት። "እህቴ፣ እጃቸውን እኮ አንሥተዋል። ደግሞም ግልባጩ አዲስ አበባ ሄዷል" አለኝ።

ወንድሜ፣ ይህን ቃል ከማን አፍ እንደሰማሁት አሁን ነግሬሃለሁ። ያኔስ እግዚአብሔር የለም በሚሉ ሰዎች እጅ ነበርኩ። አንተ ግን በስሙ የምትጸልይ ነህ። ወሬው ሰፈር ገብቷል። ትናንት ገበያ ላይ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸው ሰላምታ ነሥታቸው አለፈች። ነገ ቢሞቱ ጀናዛቸውን ማን ያነሣል? እኔና አንተ?

ለአዴ ዘሃራ በየቀኑ እጸልያለሁ። ጌታዬን እንዲያውቁት ከማናችሁም በላይ እፈልጋለሁ። ያ ቀን ሲመጣ ራሳቸው ይናገራሉ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመው "ተሳስተሃል" ያሉ ሴት ናቸው።

እኔን ግን ያየኝ ጌታ ይመስገን። ውሸቴን አይቶ አልጣለኝም፤ ዛሬ በፊታችሁ ያቆመኝም እርሱ ነው። ገና ያላመናችሁ ካላችሁ ታመኑበት፣ ኑ። ስማችሁን ማንም አይጽፍም። ወንድሜ፣ ከዚህ ወርደን ከእኔ ጋር ወደ ጎረቤቶቻቸው ትሄዳለህ፤ ለአዲስ አበባም በእጅህ ትጽፋለህ። አሁን ዝርዝሩንና እስክሪብቶውን አቀብለኝ።