በቀትር የሸጥኩት ብርሃን

በሰባዎቹ መጨረሻ ጂንካ ላይ ነጋዴ መሆን እንደ ጥፋት ይቆጠር ነበር። በየስብሰባው የቀበሌያችን ካድሬ ተነስቶ «አሻጥረኛ» ብሎ ሲጀምር የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ያርፋል። የምሸጠው ጨውና ሳሙና ነበር እኮ!

ወሬውን የነገረኝ ከመርካቶ ዕቃ የሚያመጣልን ሾፌር ነው። «ቻይና ተለውጣለች፣ እህቴ» አለኝ። «ገበሬው የተረፈውን እህል ለራሱ ይሸጣል፤ ፋብሪካው ለውጭ አገር ያመርታል። ዕቃው በአሰብ በኩል እየገባ ዋጋው ወርዷል።» የሳቅኩት ሳቅ! ሶሻሊስቷ ቻይና ብትነግድ ሶሻሊስት፣ እኔ ብነግድ አሻጥረኛ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ካድሬውን ጠየቅሁት። «አጀንዳው እሱ አይደለም» ብሎ ተቀመጠ።

አባቴ የሰጠኝን የእርሻ በሬ ሸጬ፣ በሾፌሩ በኩል አንድ ካርቶን የቻይና የእጅ ባትሪ አስመጣሁ። ባለቤቴ አበደ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝናቡ ደርሷል! በባትሪ ልናርስ ነው?»

እውነቱን ነው። ባትሪው ካልተሸጠ ማሳችን ጦሙን ማደሩ ነው።

ካርቶኑን በአህያ ጭነን የበና ሕዝብ ወደሚገበያይበት አልዱባ ገበያ ወረድን። ብልጠቴ እዚያ ላይ አለቀ። ገበያው የሚደምቀው በቀትር ነው፤ ባትሪውን ባበራው ባጠፋው በዚያ ፀሐይ ማን ያየዋል? አንዲት የበና እናት ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ፀሐይ እያለ ይሄ ምን ይሠራል?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ። በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ባለቤቴም አብሮ ሳቀ። እኔን ያናደደኝ የእሱ ነው።

ከትከሻው ላይ ቡልኮውን መንጭቄ በእኔና በእናትየው ራስ ላይ ጣልኩት። ውስጡ ጨለመ። ባትሪውን አበራሁ። ፊቴን አዩ፤ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ቢያደርጉት ጣቶቻቸው ፍም መሰሉ። በደስታ ጮኹ። ወጥተው በቋንቋቸው ምን እንዳሉ ባላውቅም ሰው ሁሉ እየተጋፋ መጣ። ሁለት ሦስት እየሆኑ ቡልኮው ሥር ይገባሉ፣ እየሳቁ ይወጣሉ፣ ይገዛሉ። ሌሊት ከብቱን ከጅብ ለሚጠብቅ ሰው የባትሪን ጥቅም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቡልኮውን ዘርግቶ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለቤቴ! «ቀጣይ! ቀጣይ!» እያለ።

እዚያው ገበያ ላይ ከቀድሞው የሚበልጥ ቀይ በሬ ገዛን። ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ወደ ቤት ስንመለስ ጂንካ ሳንደርስ መሸብን፤ ጨረቃም አልነበረችም። ባለቤቴ ድንጋይ አደናቀፈውና «እስቲ አንዱን ባትሪ አብሪው» አለኝ።

«የምን ባትሪ? አንድም አልተረፈም!»

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ በሬያችንንና አህያችንን ተከትለን፣ በጨለማው እየተደናበርን መዝሙር ጀመርን። በካድሬው ደጅ ስናልፍ፣ «አሻጥረኛዋ» ከነበሬዋ መመለሷን ይስማ ብዬ ድምፄን ጨመርኩ።