ልጅ የማይጠየቀው ጥያቄ

ስለ አክስቴ ስጽፍ ከሐዘኔ ንዴቴ ይብሳል። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አክስቴ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነበሩ። ባልና ሚስት ሳይካሰሱ በስምምነት እንዲለያዩ የሚያግዙ ወጣት አማካሪዎችን መሪ በሚባለው ሰፈር ያሠለጥኑ ነበር። ሠልጣኞቹ አንዱ ባል፣ አንዷ ሚስት፣ ሌላው ልጅ እየሆኑ ይለማመዳሉ። አማካሪ የሆነው ሠልጣኝ ልጁን «ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» ብሎ ከጠየቀ አክስቴ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ ያደርጋሉ።

«ቆይ የኔ ጌታ። በእናትና በአባትህ ላይ ፍረድ አልከው እኮ። የት እንደሚያጠና፣ ማታ ማን እንደሚያስተኛው ጠይቀው። ውሳኔውን ወላጆቹ ይሸከሙት።»

ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። የገዛ ልጃቸው ደግሞ ከሁላችንም በላይ ሰምቶታል።

የተዝካራቸው ዕለት እንጦጦ ካለው ቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ያ ልጃቸውና ሚስቱ ሊፋቱ ነው። ሽማግሌዎች ባሉበት ትንሿን ልጃቸውን፣ የአክስቴን የልጅ ልጅ፣ መሀል አቆሟት።

«እስቲ ንገሪያቸው፣ ከማን ጋር ነው የምትሆኚው?» አላት አባቷ።

«አትፍሪ እንጂ፣ ተናገሪ» አለች እናቷ።

ሽማግሌዎቹ መልሷን ለመስማት ጎንበስ አሉ። ጠረጴዛውን የሚመታ አልነበረም።

ልጅቷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን አየች።

«ከአያቴ ጋር» አለች።