ወፍጮ ቤት ላይ የተሰቀለው ጣሳ

ዛሬ ሐኪሞቹ ስም አላቸው፤ ኦቲዝም ይሉታል። በልጅነቴ፣ ሾላ ገበያ ጀርባ እኛ ሰፈር፣ የታናሽ እህቴ ነገር ስሙ ብዙ ነበር። አንዷ «ልክፍት ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። ስም ያላወጡላት ሰው ከአጥራችን ጀርባ ያሉት ባለወፍጮ ብቻ ነበሩ። የሞተር ድምፅ ጆሯቸውን አድክሞት ስለነበር የሰፈሩን ሐሜት አይሰሙም፤ ታደሉ።

እህቴ አምስት ዓመት ሞልቷት ቃል አልተነፈሰችም። ቆርኪ ስትደረድር ብትውል ማንንም አታስቸግርም። ጣጣው ወፍጮው ነበር። ሞተሩ ዱግ ዱግ ብሎ በተነሳ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ እየተንከባለለች ጩኸቷን ታቀልጠዋለች። እማዬ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወስዳት ነበር። እህቴ ውኃውን ከመውደዷ የተነሳ አልወጣም ብላ አጥማቂውን አታከተቻቸው እንጂ ጩኸቱ አልቀረም። በመጨረሻ ያከራዩን ሴትዮ «ወይ ልጅቷ፣ ወይ ቤቱ» አሉ። ያለ አባት ለምታሳድገን እናቴ ሌላ ቤት ከየት ይመጣል? ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ለሚኖረው አጎቴ ላከችበት፤ ቅዳሜ መጥቶ እህቴን ሊወስዳት። ያን ሳምንት የልጅቷን ልብስ እያጠበች ታለቅስ ነበር።

ለባለወፍጮው የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እህል ላስፈጭ ሄጄ ተራዬ ሲደርስ «የእርስዎ ወፍጮ እህቴን ሊያስባርራት ነው!» አልኳቸው። ካልጮኹላቸው አይሰሙም፤ ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው እህሌን ተቀብለው ፈጩ። በማግስቱ ግን ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ግቢያችን መጡና ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ሞተሩን ሲያስነሳና ሲያጠፋ፣ እህቴን ሲያዩ ዋሉ።

«እናት ዓለም፣» አሏት እማዬን፣ «ይቺ ልጅ ድምፁን አይደለም የጠላችው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ዝም ትላለች እኮ። ሳታስበው ሲመጣባት ነው። ይሄን ደግሞ ማን ይወዳል?»

ረጅም አጣና አመጡና ጫፉ ላይ ጣሳ ደፉበት። ሞተሩ ሊነሳ ሲል አጣናውን ከአጥሩ በላይ ያቆሙታል፤ ሲጠፋ ያወርዱታል። እህቴን እጇን ይዘው «አየሽ? ጣሳው ወጣ። አሁን ይመጣል» እያሉ አለማመዷት።

እንግዲህ በእኛ አገር በር ላይ የተደፋ ጣሳ እዚህ ጠላ አለ ማለት ነው። ከገበያ የሚመለስ የጠማው ሁሉ ወፍጮ ቤት እየገባ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ጀመር። ባለወፍጮው ደግሞ ሙስሊም ናቸው፤ ጠላ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። መስጊድ በር ላይ «ጠላ ቤት ከፈቱ አሉ» እያሉ ቀለዱባቸው። ለመጣው ጠጪ «ያለኝ ዱቄት ነው፤ በጥብጠህ ጠጣ» ይሉታል። ባለቤታቸው «ምነው ጨርቅ ቢሰቅሉ» ቢሏቸው፣ «ልጅቷ ጣሳውን ለምዳለች። እሷን እንደገና ከማለማምድ ሰካራሙን ባለማምድ ይሻለኛል» አሉ።

ቅዳሜ አጎቴ እንጦጦን ወጥቶ ወርዶ ደረሰ። ሰፈሩን አያውቀውም፤ ጣሳ ግን ያውቃል። ወፍጮ ቤት ገብቶ ተቀመጠና «እስቲ አንድ ይቅዱልኝ» አለ። ባለወፍጮው ማንነቱን ሲጠይቁት ነገሩ ገባቸው፤ ዱቄት በጥብጥ አላሉትም። ሞተሩን አስጠፍተው፣ ሻይ አስይዘው ወደ እኛ ግቢ አመጡት።

ጣሳው እንደገና ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። እህቴ አየችውና ጆሮዋን ያዘች። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ሞተሩ ተነሳ። እህቴ ትንሽ ቆየችና እጇን አውርዳ ወደ ቆርኪዋ ተመለሰች።

አጎቴ ሻዩን ጨርሶ «የምትጮኸዋ የታለች?» አለ።

«ይቺው ናት» አለችው እማዬ።

«ታዲያ እኔን ለምን ያን ሁሉ ዳገት አስወጣሽኝ?» ብሎ እየተነጫነጨ ብቻውን ተመለሰ። እማዬ እየሳቀች አለቀሰች።

ወሬው ጉርድ ሾላ ድረስ ተሰማ። ጓዳ ውስጥ ተደብቀው የኖሩ ልጆች እናቶቻቸውን እየተከተሉ ይመጡ ጀመር። ያን ያህል ልጅ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር? ባለወፍጮው የእህል መጋዘናቸውን ባዶ አደረጉላቸው። ወፍጮውን ለልጃቸው ትተው፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ከልጆቹ ጋር ባቄላ ሲደረድሩ ይውላሉ። ነጋዴ ወዳጆቻቸው አብደዋል ሲሉ «አልሰማሁም» ይላሉ፤ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል።

እህቴ ስታድግ ጣሳውን መስቀል የእሷ ሥራ ሆነ። ከሰቀለች ሞተሩ ይነሳል፤ ቀርቶ አያውቅም።

ባለወፍጮው ሲሞቱ ወፍጮው ተዘጋ፤ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። በማግስቱ ጠዋት እህቴ ሄዳ ጣሳዋን ሰቀለች። ጆሮዋን ይዛ ቆመች። ሞተሩ አልተነሳም። አሁን ልትጮህ ነው ብዬ ሮጥኩ። ባለቤታቸው ግን ቀድመውኝ አይተዋት ነበር። ከሐዘንተኛው መሃል ተነስተው ልጃቸውን ጠሩት።

«አስነሳው» አሉት።

«በለቅሶ? ሰው ምን ይላል?»

«አባትህ ጣሳ ሰቅለው ዋሽተዋት አያውቁም። አስነሳው።»

ሞተሩ ያለ እህል ዱግ ዱግ አለ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እህቴ ጆሮዋን ለቀቀችና ወደ መጋዘኑ ገባች፤ ልጆቹ እየጠበቋት ነበር።