ያልተጻፈው ጥቅስ

በኮሌጁ ውስጥ የእናት አባት ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ቢኖር የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ብቻ ናት። ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ጥቅስ» ናቸው። የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሲያስተምሩ ግን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል እንጂ አይገለጥም፤ መነጽራቸውን ያስቀምጡበታል። ተማሪዎች መጫወት ሲያምራቸው አንድ ገጽ በዘፈቀደ ገልጠው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ያነቡላቸዋል፤ እሳቸው ቀሪውን ከነምዕራፉ ይወጡታል። ከዚያ በኋላ ደረታቸው ትንሽ ይነፋል፤ ትሕትናን ቢያስተምሩም።

ነገሩ የተጀመረው በልጅነት ነው። አባታቸው አናጢም የሰፈር ሰባኪም ነበሩ፤ ልጃቸው የዕለቱን ክፍል በቃሉ ካልያዘ እራት የለም። በኋላ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ መንግሥት የእምነታቸውን ሰዎች ለቅሞ ሲያስር እሳቸውም ታሰሩ። መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። በእስር ቤቱ እርጥብ ክፍል ውስጥ ለእስረኛው ሁሉ መጽሐፍ ሆኑለት፤ አንዱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይሉታል። በኮሪደሩ ጫፍ የብረት በር ነበር፤ ለምርመራ የተጠራ ሰው የሚገባው በዚያ ነው። የሚጠራውን ሰው ጥቅስ በጆሮው ነግረው ይሸኙታል። ልክ ይሁን አይሁን የሚያመሳክር መጽሐፍ አልነበረም፤ ማንም ይህን አላሰበውም። ሲፈቱ ተማሩ፣ ዶክተር ሆኑ፣ ጻፉ፣ አስተማሩ። ቅጽል ስሙን ግን ከዚያች ክፍል ይዘውት ነው የወጡት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። ጡረታቸው ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ስለ ፍርሃት እያስተማሩ፣ «ነቢዩ ምን ይላል?» አሉ። «የፈራኸውን በር አንኳኳ፤ ከውስጥ የምጠብቅህ እኔ ነኝ ይላል እግዚአብሔር።»

ክፍሉ «አሜን!» አለ። ሁሉም ጻፈው፤ የገለጠ የለም።

ከትምህርቱ በኋላ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ስልኳን ይዛ ቢሯቸው መጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያንን ጥቅስ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ምዕራፉን ቢነግሩኝ?»

አፋቸውን ከፈቱ። ምዕራፉ አልመጣም። ዕድሜ ልካቸውን እጃቸውን ሰደድ ሲያደርጉ የሚያገኙት ነገር ቦታው ላይ የለም።

«በቀድሞው ትርጉም ነው» አሉ። «አዲሱ ላይ አቀማመጡ ይለያል።»

ልጅቷ አመስግና ሄደች። ትርጉም የበዛበት ሙያ ለውሸት መጠለያ አያጣም። በሩን ዘግተው የቀድሞውን ገለጡ፤ የለም። አዲሱንም ገለጡ፤ የለም። ጥቅሱ የገዛ ራሳቸው ነበር።

ፈሩ። እናታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው ልጃቸውን፣ ልክ እንደ እንግዳ፣ በትሕትና «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጥቅስ የሚፈሩት ሞትን አይደለም፤ ያንን ጥያቄ ነው።

ማታ ሚስታቸውን ሽንኩርት ከምትልጥበት አስነስተው መጽሐፉን አስያዟትና መዝሙር በቃላቸው ማለት ጀመሩ። አንድም አልሳቱ።

«ምን ሆነሃል? ድሮስ ታውቀው የለም እንዴ?» አለች።

«የሳትኩትን ተይው። የጨመርኩት ካለ ንገሪኝ።»

ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው። የሆነውን ሁሉ ነገሯት።

«ለልጅቷ ንገራት» አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሳይጠራብህ አንተው አጥራው።»

«እነግራታለሁ» አሉ። ዛሬ ነገ ሲሉ እሑድ ደረሰ።

የዚያን እሑድ ሰባኪዋ ያቺው ተማሪ ነበረች። ጋሽ ጥቅስ ከሚስታቸው ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ጥሩ ትሰብካለች፤ ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና። መሐል ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «መምህሬ እንዳሉኝ፣ በቀድሞው ትርጉም፣ ‹የፈራኸውን በር አንኳኳ...›» ብላ እስከ መጨረሻው አለችው። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ።

ጋሽ ጥቅስ ክው አሉ። ቢነሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገነቡት ስም በአንድ አፍታ ይፈርሳል። ዝም ካሉ ደግሞ የሰው ቃል የእግዚአብሔር ቃል ተብሎ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል።

ሳይነሱ ሌላ ሰው ቀደማቸው። ልብስ ሰፊው ነው፤ በዚያች እርጥብ ክፍል ከጎናቸው ይተኛ የነበረው፣ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

«ወገኖቼ፣ ይቺን ጥቅስ አውቃታለሁ!» አለ፤ እንባው ይወርዳል። «ለምርመራ የተጠራሁ ቀን፣ የብረቱ በር ፊት እግሬ አልሄድ ሲለኝ፣ በጆሮዬ የነበረችው እሷ ናት። ይሄ ወንድሜ ሲሸኘኝ ነገረኝ። እሷን ይዤ ገባሁ፣ እሷን ይዤ ወጣሁ። ከተፈታሁ በኋላ ፈልጌ አጣኋት። ግን እሱ ከሚሳሳት የእኔ ዓይን ቢሳሳት ይቀላል ብዬ ተውኩት!»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ጋሽ ጥቅስ ግን አልሳቁም። ያኔ! እርጅና መስሏቸው ነበር የፈሩት፤ ያኔ ግን ጺማቸው እንኳ በቅጡ አልበቀለም። በዚያ በር ሌላውን ሰው ሁሉ ምን እያሉ ነው የሸኙት? ያልተመለሱትስ ምን ሰምተው ገቡ?

ተነሱ። «የለም» አሉ። ጭብጨባው ዋጠው፤ ደገሙት። «የለም። በቀድሞውም በአዲሱም የለም። ቃሉ የእኔ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ጠይቃኝ የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ መድረኩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ልብስ ሰፊው እንባውን ሳይጠርግ ትክ ብሎ አያቸው። ቁጣ የለበትም። የተደናገጠ ሰው ፊት ነው።

«ታዲያ ያን ቀን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከበሩ ውስጥ የጠበቀኝ ማን ነበር?»

ጋሽ ጥቅስ የሰው ጥያቄ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ሚስታቸው ተቀመጥ ለማለት እጃቸውን ሳበች፤ አልተቀመጡም። ልብስ ሰፊውም ቆሞ መልሱን ይጠብቅ ነበር።