የጎደለኝ ስንዝር

መሥሪያ ቤታችን የገዛው ሞተር ሳይክል እግር ላለው ሰው ነበር። እኔም እግር አለኝ፤ እግሬ ግን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ መሬት ይነካ ዘንድ የተፈጠረ አይደለም። የመጀመሪያ ቀን ስወጣበት አንድ ጣቴ እንኳ አፈር ሳይነካ ከነሞተሩ ግቢው ውስጥ ተዘረርኩ። ባልደረቦቼ ሳቁ። አንዱማ «መሰላል ይገዛላት» አለ። አብሬ ሳቅሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ተቀምጬ በየቀበሌው እየዞርኩ በግ እከትባለሁ፣ የታመመ ከብት አያለሁ። ሞተሩም የመጣው ለዚሁ ሥራ ነው። ኃላፊያችን ነገሩን አላድበሰበሰም።

«ከነዳሽው እዚሁ ትሠሪያለሽ። ካልሆነልሽ ለሚነዳ ሰው እሰጠውና አንቺን ቆላ ያለው ክሊኒክ እመድብሻለሁ። እዚያ ሞተር አያስፈልግም፤ ከብቱ ራሱ ይመጣልሻል» አለኝ።

ቆላውን ፈርቼ አልነበረም የደነገጥኩት። አባቴ ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከኔ ጋር ከተማ እንዲቀመጡ ያልለመንኩበት ጊዜ የለም፤ «መቃብሯን ማን ያይላታል?» ይሉኛል። ዓይናቸው ደክሟል። ከሥራ ስመለስ ጎራ ብዬ እሳት ካላነደድኩላቸው፣ የዓይን ጠብታቸውን ካላደረግኩላቸው፣ ቆሎ ቆርጥመው በብርድ ያድራሉ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ቆላ ወረድኩ ማለት አባቴን ተውኩ ማለት ነበር።

እኔ ካልረዘምኩ ሞተሩ ይጠር አልኩ። ኃላፊው «በራስሽ ኃላፊነት» ብሎ ፈቀደልኝ። የሞላሌው መካኒክ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ ማሰሪያ አላልቶ ሁለቱን ቱቦዎች ወደ ላይ ገፋቸው፤ ፊቱ ዝቅ አለ። ከኋላ ንዝረቱን የሚውጠውን አሞርዛተር የሚይዘውን ብረት ደግሞ አንድ በያጅ በሌላ ለወጠው፤ ኋላውም ዝቅ አለ። የጎን ማቆሚያው አሁን ስለረዘመበት እሱም ተቆረጠ።

«ሆዱ ግን ወደ መሬት ቀርቧል። ድንጋይ ላይ ተጠንቀቂ» አለኝ መካኒኩ።

መንዝ ውስጥ ከድንጋይ ተጠንቀቂ ማለት ወንዝ ለሚሻገር ሰው እንዳትርስ ማለት ነው።

የቀረው መቀመጫው ነበር። ፈትቼ ወደ አባቴ ወሰድኩት። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበቅሎ ኮርቻ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይኼ ነው ኮርቻው?»

«አዎ አባዬ። ስፖንጁን ይቀንሱልኝ፤ እግሬ መሬት አልደርስ ብሎኝ ነው።»

«በቅሎ ረዘመች ተብሎ እግሯ ይቆረጣል እንዴ? መወጣጫ ድንጋይ ነው የሚፈለግላት።»

«በቅሎ አይደለም እኮ። ካልደገፉት ይወድቃል።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

 እንዲህ እያሉም ስፖንጁን በቢላዋ እየፋቁ አሳምረው ዝቅ አደረጉልኝ። ሞተሩን ደጃቸው ድረስ አስመጥቼ መቀመጫው ሲገጠም ላዩ ላይ አስቀመጡኝና ከተረከዜ እስከ መሬት ያለውን በእጃቸው ለኩ። በእግሬ ጣቶች መቆም ችያለሁ፤ ተረከዜ ግን አንድ ስንዝር ይጎድለዋል። «አንድ ስንዝር» አሉ ለራሳቸው፣ ነገሩ እንደከነከናቸው።

በኛ ብርድ ሰውን ባዶ መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ነው። በሳምንቱ ስመጣ አባቴ ወፍራም አጎዛ አዘጋጅተው ጠበቁኝና መቀመጫው ላይ አሰሩልኝ። የተፋቀው ስፖንጅ በበግ ጠጉር ተተካ። ልቆጣ ነበር፤ ጠጉሩን በጣታቸው ሲያበጥሩ አይቼ አመሰገንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ እንደራቅሁ አጎዛውን እፈታዋለሁ፣ ስመለስ አፋፉ ላይ ቆሜ መልሼ አስረዋለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር ይዳስሱታላ።

«አልበረደሽም?»

«ኧረ ምኑ ይበርደኛል!»

በጣቶቼ እየቆምኩ ነዳሁ። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ለመድሁት። ኃላፊው መናገሩን ተወ። ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበር፤ አሁን ድረስ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ክረምት ላይ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ጉም መንደሩን ውጦት ነበር። ሞተሩን ሁልጊዜ የማቆመው ከአባቴ በር ፊት ካለው ጥድ ሥር ነው፤ ቦታውን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የፊት ጎማው አንድ ነገር ላይ ወጣና ወረደ። ወዲያው የሞተሩ ሆድ ከሥር ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ በጎኑ ጣለኝና አንድ እግሬ ከሥሩ ቀረ። ትኩስ ዘይት ሸተተኝ።

ከቤት ውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ደስ ብሏቸዋል።

«ደረስሽ? ድንጋዩን አገኘሽው?»

በእጄ ዳሰስኩት። ጠፍጣፋ ነው፤ ከፍታው አንድ ስንዝር። ጎረቤቶቻቸውን ለምነው አስጎትተው፣ እግሬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስተክለውልኛል። ሞተሩ እንደ ቀድሞው ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ያልፈው ነበር።

«አገኘሁት፣ አባዬ።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ሌላው ብዙ አይወራም። ኃላፊው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ተረተብኝ። ሞተሩ ተጠገነ፣ ብረቱም ሹካውም ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ አዲስ መቀመጫ ተገጠመለት። አጎዛውን ለአባቴ መለስኩላቸው። አሁን የሚነዳው ረጅም ጎልማሳ ነው፤ ሲቆም ሁለት ተረከዙን መሬት ያሳርፋል። አልጠላውም ብል ውሸት ነው።

እኔ ቆላ ነኝ። ከብቱ እንደተባለው ራሱ ይመጣል። ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና እንደ ልብ አይገኝም፤ አባቴን የማያቸው ለዓመት በዓል ነው። ዝውውር መጠየቁን ትቼዋለሁ። የዓይን ጠብታውን ጎረቤታቸው ትዝ ሲላት ታደርግላቸዋለች፤ ትዝ ሳይላት ሲቀር ግን የሚያስታውሳት የለም።

ይቺው ጎረቤት ሰሞኑን ደውላልኝ ነበር። አባቴ ከሰዓት በኋላ አጎዛውን ድንጋዩ ላይ አንጥፈው ይቀመጣሉ አለችኝ። እንደማልመጣ ያውቃሉ፤ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

«ያ ሰውዬ በመንገዱ ሲያልፍ ግን» አለችኝ፣ «የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ይነሱና አጎዛውን ከድንጋዩ ላይ ያነሱታል። ለምን ተነሱ ስላቸው፣ ‹ትውረድበት› ይሉኛል።»