የካውቦይ ጀማነህ ይቅርታ

ጀማነህን በጀማነህነቱ የሚያውቀው ሰው በአሜሪካ፣ በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ የሥራ አለቃው፣ ሌላዋ ሚስቱ። ለቀረው ሕዝብ ካውቦይ ነው። ሚነርቫ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር የሚሰፋ ባርኔጣ፣ አንዱ እግሩ ብቻ ሕፃን የሚያስተኛ ቡትስ፣ በአንገቱ ላይ እንደ ቀንበር የተንጠለጠለ ጊታር።

እንጀራው ሂሊያርድ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ፣ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና መንዳት ነው። የዌርሃውሱ ሬዲዮ ከካንትሪ ሙዚቃ ሌላ አያውቅም፤ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ውሻው የሞተበት፣ መኪናው መንገድ ላይ የቆመችበት ሰውዬ ከጧት እስከ ማታ ያላዝናል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጀማነህ ያንኑ እንጉርጉሮ በአማርኛ አስመስሎ አወጣው፦

ሚስቴም ጥላኝ ሄደች፣ መኪናዬን ይዛ፣
እሷስ ትሂድ ይሁን፣ መኪናው ግን በዛ።

ያደታ የሚባል የሥራ ባልደረባው ሳምቡሳው ትን ብሎት ሊሞት ምንም አልቀረው። ከሞት ሲተርፍ በስልኩ ቀርጾ ፖስት አደረገው። በሳምንቱ ጀማነህ ሠርግ ላይ ተጠራ። ከዚያ ወዲያ ለዘጠኝ ዓመት ያለ እሱ የተጋባ ሰው እንደ ተጋባ አይቆጠርም ነበር።

ዘፈኑ ግን ሚስት ይፈልጋል፤ ጀማነህ ደግሞ ያለችው አንዲት ብሩክታዊት ናት። ስሟን አስገባው። በየዓመቱ አዲስ ኃጢአት ይጨምርላት ጀመር፦ ወጥ ታሳርራለች፣ እንደ ፎርክሊፍት ታንኮራፋለች፣ ውሻውን አልጋ ላይ አስተኝታ ባሏን ሶፋ ላይ ትጥላለች። ውሻ ኖሯቸው አያውቅም። መኪናዋን የገዛችው እሷ ናት፤ መንዳት ያስተማረችውም፣ ጊታሩን ለልደቱ የሰጠችውም እሷው። ቀን ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ማዕከል ሱቅ ውስጥ ቆማ እየዋለች፣ ማታ አረጋውያን ስትንከባከብ የምታድር ሴት ለማንኮራፋት እንኳ ጊዜ አልነበራትም።

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ክርስትና ቤት፣ ግሮሰሪ ሰልፍ ላይ፣ ያገኛት ሁሉ "መኪናውን መለስሽለት ወይ?" ይላታል። ትስቃለች። ስምንት ዓመት ሳቀች። በዘጠነኛው እናቷ አገር ቤት አረፉ። ቤቷ ሰው ሞላ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ከወደ በሩ አንዱ ለጎረቤቱ "ቁልፉን ደብቁ፣ ይዛ እንዳትሄድ" ሲል ሰማች። ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ቀና ብላ ባሏን ብታይ፣ በእሱም ከንፈር ዳር ላይ አንዲት ፈገግታ ቀርታ ነበር። ትንሽ ናት፤ ግን አየቻት።

አርባው እንደ ወጣ ልብሷን ሸክፋ እህቷ ቤት ገባች። መኪናዋን አልወሰደችም። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለት በኡበር ሄደች።

ጀማነህ ሽማግሌ ሊለምን ጋሼ ፍቅረማርያም ዘንድ ሮጠ። እኚህ ሰው ባያስታርቁ ኖሮ የኦሃዮ ፍርድ ቤቶች እስከ ዛሬ ከሐበሻ ፍቺ ሌላ ጉዳይ ባላዩ ነበር።

"ጋሼ፣ ብሩክታዊት ጥላኝ ሄደች" አላቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ካሜራው የት እንደ ተደበቀም ጠየቁት። እውነት መሆኑን ለማሳመን አንድ ሰዓት ፈጀበት።

ጋሼ ከሌሎች ሁለት ሽማግሎች ጋር ሦስት ሆነው ሲሄዱላት ብሩክታዊት ብዙ አላስቸገረቻቸውም። ስለ ወጡም፣ ስለ ማንኮራፋቱም አላነሣችም።

"በሰው ፊት ያዋረደኝ በሰው ፊት ይመልሰው" አለች። "ያን ካደረገ፣ ያኑ ዕለት ቤቴ እገባለሁ።"

ሽማግሎቹ መከሩ። ሰው ሁሉ የሚገኘው የት ነው? ሠርግ ላይ። መጪው ቅዳሜ ደግሞ ጀማነህ የሚዘፍንበት ትልቅ ሠርግ ነበር፤ እዚያው ይሁን ብለው ፈረዱ። ስንት ትዳር ያቀኑ ሦስት ሽበታሞች አንዳቸውም ሌላ ቦታ አልታያቸውም።

ምሳ እንደ ተነሣ ጀማነህ መድረክ ላይ ወጣ። ብሩክታዊት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ነገሩ ቁም ነገር መሆኑ እንዲታወቅ ባርኔጣውን አወለቀ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባዶ ራሱን ያየ አልነበረም፤ መላጣው በአዳራሹ መብራት ቦግ ሲል አራት መቶ ሰው ጮኸ።

"ዛሬ አልቀልድም" አለ። ጠረጴዛ ተደበደበ። "መኪናዋን የገዛችው እሷ ናት። ወጥ አሳርራ አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ብሩኬ፣ ይቅር በዪኝ።"

እንባው ወረደ። አቤት ሲችልበት፣ ተባለ። አንዲት እናት ሳቁ ሊገድላቸው ሆኖ ውኃ አምጡልኝ አሉ። ጋሼ ፍቅረማርያም ከንፈራቸውን ነክሰው ቻሉ፣ ቻሉ፣ በመጨረሻ መሐረባቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። ብሩክታዊት የጋሼ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ጀማነህ ተከትሏት ሊወርድ ሲል ሕዝቡ "ይደገም!" እያለ መንገዱን ዘጋበት። በሩ ገና እየተወዛወዘ ነበር። ምናልባት ሁለተኛ ቢሰሙት አንድ ሰው እንኳ ይገባው ይሆናል፣ ሮጦም እሷን ይመልስልኝ ይሆናል ብሎ አሰበ። ደገመው።

በሦስተኛው ላይ ዲጄው ለይቅርታው ዜማ አገኘለት።